የፍየል ቤት እጆች

የመምህር ኪሮስን ማረፍ የሰማሁት ሰቆጣ ውስጥ፣ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነው። የመኪናችን ጎማ ተፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ጎሚስታው በውኃ ገንዳ እየነከረ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ስልኬ ጠራ። የደወለችው ማሬ ነበረች፤ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ አሁን አምደወርቅ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር።

«ጋሼ፣ ቲቸር ኪሮስ አረፈ» አለችኝ።

መቼ፣ የት፣ በምን ብዬ ጠየቅኋት። ሐዘን ሲደርስብኝም አፌ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ማሬ በተራ መለሰችልኝ። ትናንት ከሰዓት፤ አምደወርቅ፤ ጥቂት ሳምንት ታሞ። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነና፣ «ነገ ነው የሚቀበረው። ባይመጡ ይቀየማል» አለች። የሞተ ሰው አይቀየምም ልላት አልቻልኩም። ጎሚስታው ቀዳዳውን አግኝቶ በጣቱ ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። «መርዶ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሥራውን አፋጠነልኝ።

በሥራዬ ብዙ ሰው አግኝቻለሁ። ስማቸውንና ሥልጣናቸውን በትክክል ጽፌ፣ ዜናው ከወጣ በኋላ የረሳኋቸው ይበዛሉ። ሥራው እንደዚያ ነው፤ ሁሉን ተሸክሞ የሚሄድ ጋዜጠኛ ሩቅ አይደርስም። ኪሮስን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ አንድ የዓለት ግድግዳ ፊት አቁሞኛልና።

የተገናኘነው በስህተት ዜና ነው። ጦርነቱ ጋብ ካለ ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቹ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት በደሃና ወረዳ ገጠር ካለ ዋሻ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ። «በዋግ የሺህ ዓመታት የዋሻ ሥዕል ተገኘ» የሚል ጽሑፍ አክሎበታል። ፎቶው ላይ ቀይ ላሞችና እጆች ይታያሉ። ሰው ተቀባበለው። አለቃዬ ደውሎ፣ «ሂድና አጣራ፤ እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። እኔና አንድ ወጣት የቅርስ ባለሙያ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ተጓዝን።

መንገድ የመሩን የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ ናቸው። ጎልማሳ፣ ቁመተ አጭር፣ ዳገት ላይ የማይደክሙ ሰው። ወንዙን ተሻግረን አቀበቱን ስንጀምር በበትራቸው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩን።

«የወንድሜ ሚስት እዚህ ላይ ነው ያረፈችው፤ ባለፈው ክረምት። ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስናወርዳት። ተሸካሚዎቹ ሊያርፉ አወረዷት፤ ከዚያ አልተነሣችም።» ጥቂት ሄዱና ቀጠሉ፤ «እንግዳ የሚመጣበት አገር መንገድ ይሠራለታል ይባላል። እውነት ነው?»

ባለሙያው፣ «አንዳንዴ» አላቸው።

ቦታውን የፍየል ቤት ይሉታል። ከቀይ ገደል ሥር ያለ ሰፊ የዓለት ጥላ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ፍየል ይጠለልበታል፤ መሬቱ የፍየል በጠጥ ነው። የረፋዱ ፀሐይ በአግድም ገብታ ግድግዳውን ታበራ ነበር። ቀና አልኩ።

ላሞች ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ አንዳንዱ የዓለቱን እብጠት ሻኛው አድርጎት ከግድግዳው ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ከላሞቹ በላይ እጆች አሉ። ብዙ እጆች። አልተቀቡም፤ ቀለሙ በዙሪያቸው ነው። ሰው መዳፉን ዓለቱ ላይ ለጥፎ፣ ዙሪያው በቀይ ተረጭቶ፣ ሲያነሣው የቀረ ባዶ ቦታ። በቀዩ ጭጋግ ውስጥ ሆነው ወዲያ ማዶ ካለ ሰው ዘንድ ወደ እኛ የተዘረጉ ይመስላሉ። በሥራዬ ፈርቼም አዝኜም አውቃለሁ፤ እስክሪብቶ ይዤ ምን እንደምጽፍ የጠፋኝ ግን በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ያ ረፋድ አንዱ ነበር።

ባለሙያው ምንም ሳይነካ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዓይናቸውን ልብ ብለሃል?» አለኝ።

ልብ ብዬ ነበር። የላሞቹ ገላ በጎን ነው፤ ፊታቸው ግን ወደ እኛ ዞሯል፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ልክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚሣሉ ቅዱሳን ትልልቅ፣ ግልጥ ያሉ ዓይኖች።

ይህን ስንነጋገር ከኋላችን የእግር ኮቴ ተሰማ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ የለበሰ ሰው ተከትሎን በመጣው የመንደር ሰው መካከል አልፎ መጣ። በኋላ እንደነገረኝ ለበዓል ጽጽቃ ያሉት ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ ሳለ ፎቶውን በስልክ አይቶ ነው የተነሣው፤ የመጨረሻውን መንገድ በእግሩ ገስግሶበታል። ላቡን በእጁ ጀርባ ጠረገና ሰላምታ ሰጠን።

«ይህን የሣሉት የእኔ ተማሪዎች ናቸው» አለ። «ሰባተኛ ክፍል። በዚህ ዓመት፣ በጥር።»

አቶ ደምሴ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «መምህር፣ እንግዶቹ ገና ውኃ እንኳ አልቀመሱም» አሉ።

«እውነቱን ሳይሰሙ ውኃ ቢጠጡ ያንቃቸዋል፣ ጋሼ ደምሴ።»

«እኛ መቼ ጥንታዊ ነው አልን?» አቶ ደምሴ ወደ እኛ ዞሩ። «ያልን እንደሆን ይመስክሩብን። ከከተማ ተደውሎ 'የጥንት ሥዕል አገኛችሁ አሉ' ተባልን። እንግዳ ልምጣ ሲል እንዴት ይታረማል? ነውር አይደለም?»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ጠይቃችሁን ቢሆን እኮ እንነግራችሁ ነበር።»

ማስታወሻዬን ገለጥኩ። እውነታቸውን ነው። በመንገድ ላይ ያነጋገርኳቸው ሁሉ «እንዲህ ይላሉ»፣ «እንዲህ ተብሏል» ነው ያሉኝ። መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ልጆቹም ያውቁ ነበር፤ እንግዳ ማሳፈር ስለማይገባ ዝም ብለው ነበር። ባለሙያው ሳቁ አመለጠው። «ልክ ናቸው፤ አልጠየቅንም» አለ። ተቀያየምን የሚል ስላልነበረ ሽማግሌዎቹም ፈገግ አሉ።

አቶ ደምሴ ግን አልሳቁም። «መንገዱንስ አሰብከው?» አሉት መምህሩን፣ ቀስ ብለው።

«አስቤዋለሁ። ከጽጽቃ እስከዚህ ሌላ ነገር አላሰብኩም።» ኪሮስም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገድ እንጠይቅ። ወላዶች በቃሬዛ ላይ እየሞቱ ነው ብለን እንጠይቅ። እሱ እውነት ነው፤ ሌላ ምክንያት መደረብ የለበትም።»

ባለሙያው ከሰዓት ወደ አምደወርቅ ተመለሰ። እኔ ዜናዬ አልቆ ነበር፤ ሁለት አረፍተ ነገር የሚበቃው ማስተባበያ። ነገር ግን እነዚያ ላሞች ለምን ሁለት ዓይን እንደኖራቸው ሳላውቅ መሄድ አልፈለግሁም። ኪሮስን ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጦርነቱ ወዲህ ትምህርት ቤቱ መስኮትም ወንበርም አልነበረውም፤ ተማሪዎቹ ድንጋይ ደርድረው ነው የሚቀመጡት። ልማድ ነበረው፤ ሲያወራ እጁን አያወናጭፍም፤ አንድ ነገር ሲያሳይ ግን በእጁ ጀርባ ነው፣ መዳፉን ሰው እንዳያየው የሚደብቅ ይመስል።

«መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ አንቀጽ ነው» አለኝ። «'ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች በዋሻ ውስጥ ሥዕል ይሥሉ ነበር' ይላል፤ ከዚያ ወደ ብረት ያልፋል። አነበብኩላቸው። ጥሩዬ የምትባል ልጅ እጇን አነሣች። 'ቲቸር፣ ስማቸው ማን ነበር?' አለች። አላውቅም አልኳት። 'ሌላ የሚያውቅ ሰውስ?' ማንም አያውቅም አልኳት። እነዚህ ልጆች የት እንደወደቀ ያልታወቀ ሰው ያውቃሉ። በየቤታቸው አለ።»

ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኩን አውጥቶ በአገራችን ምሥራቅ ካሉ ዋሻዎች የላሞች ሥዕል፣ ከሌላ ዓለም ደግሞ የእጆች ሥዕል አሳያቸው። ስልኩ ባትሪው እስኪያልቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በማግሥቱ፣ «እኛም እንሥራ፤ ቀለም ከየት እናመጣለን?» አላቸው። ቀይ አፈር ከገደሉ ሥር፣ ከሰል ከየምድጃው፣ ነጩን እናቶቻቸው ግድግዳ ከሚለስኑበት አፈር አመጡ። በድንጋይ ፈጩት። ቀቡት፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ረገፈ። ያኔ ኪሮስ የደብሩን መሪጌታ ሄዶ ጠየቀ፤ መሪጌታ ለብራና የሚሆን ቀለም ያዘጋጃሉ። «ሙጫ የሌለው ቀለም መቀነት የሌለው ቀሚስ ነው» ብለው የግራር ሙጫ ሰጡት። ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም።

«ዓይኑስ?» አልኩት።

ሳቀ። «እሱ የማሬ ነው። ጥንት የሚሣለው በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው ብዬ አሳየኋት። በከሰል ሁለት ዓይን አደረገች። አጥፍቼ በአንድ ዓይን ሣልኩላት። ቆጣ ብላ፣ 'ቲቸር፣ በቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው። ይሁዳ ነው። የእኛ በሬ ምን አጠፋ?' አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ላሞቻቸውን እያጠፉ ዓይን መጨመር ጀመሩ። ምን ልበል? እነዚያ የጥንቶቹ የሚያውቁትን ሣሉ፤ እነዚህም የሚያውቁትን ሣሉ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ ኮርጁ ነበር ያልኳቸው።»

እጆቹ የመጨረሻው ቀን ሥራ ናቸው። ሸምበቆ ሞከሩ፤ ቀለሙ ይንጠባጠባል እንጂ አይረጭም። ቀለሙን በአፍ ይዞ መርጨት ብቻ ቀረ። ልጆቹ ሊሻሙ ሲሉ ኪሮስ ከለከላቸው። «አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር በሰው ልጅ አፍ አልጨምርም» አለኝ። ስለዚህ ራሱ ጎረሰው። አንድ ልጅ መዳፉን ዓለቱ ላይ ለጠፈ፤ ኪሮስ እንትፍ አለበት። ልጁ ከልማዱ አንገቱን ደፋና «አሜን» አለ።

በዚህ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይላል። ልጁ ምርቃት መስሎት ነው። ቀጥሎ የመጣችውም አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። ከዚያ የመጡት ሁሉ።

«እኔ ቀለም እየረጨሁ ነበር፤ እነሱ ምርቃት እየተቀበሉ ነበር» አለኝ። «ባዶ እጃቸውን ልመልሳቸው? መረቅኋቸው። አንዱን እንትፍ ብዬ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ፣ መርቄ፣ እንደገና እጎርሳለሁ። ከንፈሬ ለቀናት ቀይ ሆኖ ከረመ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ 'መምህር፣ ሚስት ሳያገባ ሊፕስቲክ ጀመረ' እያሉ ሲስቁብኝ ነበር።»

ያን ቀን መንደሩ አደርኩ። ማግሥቱ ዳግም ትንሣኤ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይራ ሥር ተሰበሰበ። እርስ በርስ በኽምጣንጋ ይነጋገራሉ፤ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። አቶ ደምሴ ተነሡ።

«የፍየል ቤት ይታጠብ» አሉ። «በመምህሩ ቂም የለኝም። ነገ ግን ሌላው ፎቶ አንሥቶ ሌላ እንግዳ ያመጣብናል። ያን ጊዜ ውሸታም የምንባለው እኛ ነን። ሁለት ጊዜ አንዋረድም።»

መሪጌታም ሙጫቸው የት እንደዋለ ያን ዕለት ነው የሰሙት። ጢማቸውን ደባብሰው፣ «ወሬ የሚያሳስት ነገር ባይቆይ ይሻላል» አሉ። ሌሎችም ተስማሙ። ክፋት አልነበረበትም፤ የተዋረደ ሰው ደጁን ሲያጸዳ ማለት ነው። ኪሮስን ምን ትላለህ አሉት።

«ዋሻው የእናንተ ነው» አለ። «ከታጠበ አብሬ ውኃ እሸከማለሁ።»

ከምንጩ በጀሪካን ውኃ ተቀዳ። የሣር መጥረጊያ ተያዘ። ኪሮስ አንዱን ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ልጆቹ ከኋላ ናቸው። ማሬን ያኔ ነው መጀመሪያ ያየኋት፤ ነጠላዋን ነክሳ፣ ግድግዳውን ላለማየት ገደሉን ታያለች። የሚከራከር ሰው ጠብቄ ነበር። ይህ ሰው ለምን አይከራከርም ብዬ ተናደድኩበት፤ ማስታወሻዬ ላይ «ተስማማ» ብዬ ጻፍኩ።

ግድግዳው ሥር ስንደርስ ጀሪካኑን አወረደና ዞረ።

«ላሞቹን እኔ አጥባለሁ» አለ። «እጆቹ ግን የልጆቻችሁ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ልጅ እጅ ይጠብ። እኔ የማንንም ልጅ እጅ አላጠፋም።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ገበሬ መጥረጊያውን ነክሮ ወደ ፊት ወጣ። «የእኔዋ የትኛዋ ናት?»

«ያቺ አባባ፣ ከነጩ ወይፈን በላይ» አለች ልጁ ከኋላ።

ሰውዬው ቀርቦ አየ። «ይቺ? እጅሽ እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ?» ከመጥረጊያው ውኃ ይንጠባጠባል። ከዚያ ብብቱ ሥር ወተፈው። «ሌላው ይጀምር እስቲ። የእኔ ዳር ላይ አይደለችም፤ አትመችም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሌላ ሰው ግን አልወጣም።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት መጡ። ወይዘሮ ታደለች ይባላሉ፤ ስም የጠየቀችው የጥሩዬ እናት። ጥሩዬ በየካቲት፣ ሥዕሉ በተሣለ በወሩ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ጠፍታ ሄዳለች። ለእናቷ አልነገረችም። እስከዚያ ቀን ድረስ ደረሰችም ቀረችም የሚል ወሬ አልነበረም። ወይዘሮ ታደለች የፍየል ቤት መጥተው አያውቁም።

«የጥሩዬ አለ?» አሉ።

ኪሮስ ሳይፈልግ፣ ቀጥ ብሎ ሄደና በእጁ ጀርባ አሳያቸው። ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈችበት እጅ ነበር። «አጨዳ ላይ ማጭድ የመታት ጣት» አሉ እናት። አወቁት። መዳፋቸውን አንሥተው ባዶው ቦታ ላይ አደረጉ። የእሳቸው እጅ ይበልጣል፤ ጣቶቻቸው ቀዩ ላይ አለፉ። እንደዚያው ቆሙ።

«ሳልመርቃት ነው የሄደችው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «እንትፍ ሳልልባት። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ያ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።»

«እኔ ብያታለሁ» አለ ኪሮስ። «እዚህ ላይ። ይኸው ምልክቱ።»

«ምን ብለህ መረቅሃት?»

«'የሄድሽበት ይቅናሽ፤ በሰላም ወደ እናትሽ ተመለሺ' ብዬ።»

«መሄዷን ታውቅ ነበር?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ቢዋሽ ማንም አይፈርድበትም። «አላውቅም ነበር» አላቸው። «ለሁሉም ያልኩት ይህንኑ ነው። እሷም አሜን ብላለች።»

ወይዘሮ ታደለች ዞሩ። የሚያዩት አቶ ደምሴን ነው። «ደምሴ፣ እናንተ መንገድ ተመኝታችሁ አጣችሁ፤ ይገባኛል። እኔ ከልጄ የቀረኝ ይህ ነው። ምርቃቷን አታጥቡብኝ።»

አቶ ደምሴ የወንድማቸው ሚስት ያረፈችበትን ድንጋይ ያሰቡ ይመስለኛል፤ አልጠየቅኋቸውም። ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አነሡ። «ውኃው በከንቱ አይፍሰስ» አሉ። «ለትምህርት ቤቱ ችግኝ ይሁን።» መሪጌታ ወደ ግድግዳው ቀርበው በቀስታ ቀለሙን ዳሰሱና፣ «ሙጫው አንሷል። ለሚመጣው ዓመት ጨምሩ» አሉት ኪሮስን።

ማስታወሻዬ ላይ «ተስማማ» ያልኩትን ሰረዝኩ። ያ ሰው አንድም ጊዜ አልተከራከረም፤ አንድም ጊዜ አልዋሸም፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ አካባቢ ሥራ ባጋጠመኝ ቁጥር ጎራ እል ነበር። ሁልጊዜ ጥር ላይ አዲስ ሰባተኛ ክፍል እጁን ያክላል። ከእጆቹ በታች፣ በጥቁር፣ በትንሽ ፊደል ዓመተ ምሕረቱንና ስማቸውን ይጽፋሉ። «ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይሳሳት» ይል ነበር ኪሮስ፤ «የጥሩዬንም ጥያቄ ለመመለስ።» ወይዘሮ ታደለች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ከጥሩዬ እስከ ዛሬ ወሬ የለም። መንገዱ እስከ ወንዙ ደርሷል፤ ከወንዙ እስከ መንደሩ ግን አሁንም በቃሬዛ ነው። ሌላ ለማለት ብፈልግም እውነቱ ይህ ነው።

ኪሮስ የተቀበረው በዚያው በመንደሩ ደብር ነው። ጽጽቃ ያሉ ቤተሰቦቹ ሊወስዱት መጥተው መንደሩ ለመናቸው። ለቅሶ ላይ አንዳንዶች «ያ ቀይ አፈር ነው የገደለው» ሲሉ ሰማሁ፤ ያከመውን ባለሙያ ጠየቅሁ፤ አይደለም፣ የቆየ የጉበት በሽታ ነው አለኝ። ከቀብር በኋላ ማሬ «የፍየል ቤት እንሂድ» አለችኝ። ወይዘሮ ታደለች ከእኛ ቀድመው ተቀምጠው ነበር።

ከሰዓት ፀሐይ ስለማይገባበት ግድግዳው ጠቆር ብሏል። ላሞቹ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። እጆቹ በዝተው ከገደሉ ጥግ እስከ ጥግ ደርሰዋል። አንድ ነገር ለማየት ፈለግሁ፤ ከዳር ጀምሬ እያንዳንዱን አየሁ። ትልቅ ሰው የሚያህል እጅ አጣሁ።

«የእሱ የትኛው ነው?» አልኳት ማሬን።

«የለም። ስንለምነው 'እኔ እጄን ካስቀመጥኩ ማን ይረጭልኛል?' ይለን ነበር። ትናንት ልጆቹ የእጁን መጠን ከጫማው ገምተን እንሣልለት አሉ። እኔ እንቢ አልኩ። እዚህ ግድግዳ ላይ ያልነበረ እጅ አይደረግም።»

«ታዲያ ምንም ምልክት የለውም» አልኩ።

ወይዘሮ ታደለች ቀና አሉ። ጣታቸው በልጃቸው እጅ ዙሪያ ባለው ቀለም ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ እጅ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አሳለፉት።

«እንዴት የለውም፣ ልጄ?» አሉኝ። «ይህ ሁሉ ቀይ ከማን አፍ የወጣ ነው?»